ለወጣቶች የመድረክ ንባብ የተደረገ ኦዲሽን፦ በመፈተኛው ክፍል ውስጥና ከክፍሉ ውጭ

የ14 ዓመት ልጄ በቅርቡ አንድ የማኅበረሰብ ቲያትር ቤት ለወጣቶች የመድረክ ንባብ ባዘጋጀው የተዋንያን ምርጫ ላይ ተፈትናለች። ይህን ግምገማ የምጽፈው ልጆቻቸውን ወደ እንዲህ ዓይነት ኦዲሽን ለመውሰድ የሚያስቡ ወላጆችና ራሳቸው ሊፈተኑ የሚፈልጉ ወጣቶች ምን እንደሚጠብቃቸው አስቀድመው እንዲያውቁ ነው። የቲያትር ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ከማመሰግንበት ነገር ጎን የምወቅስበትም አለ፤ የምወቅስበትም አሠራር በሌሎች ቲያትር ቤቶችም እንዳለ ከሌሎች ወላጆች ሰምቻለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ በመፈተኛው ክፍል ውስጥ ያየሁት ሁሉ ከጠበቅሁት በላይ ነበር፤ ከክፍሉ በፊትና በኋላ የተደረገው ግን ለዚያ ክፍል የሚመጥን ሆኖ አላገኘሁትም።

የመድረክ ንባብ ተዋንያን ጽሑፋቸውን በእጃቸው ይዘው ወይም የሙዚቃ ኖታ በሚቀመጥበት ዓይነት ማቆሚያ ላይ አድርገው ተውኔቱን ለታዳሚ የሚያነቡበት ዝግጅት ነው። የመድረክ ግንባታ የለም፣ ካለም በጣም ጥቂት ነው፤ ተዋንያኑ አብዛኛውን ጊዜ የዘወትር ልብሳቸውን እንደለበሱ ይቀርባሉ፤ ቃለ ተውኔቱን በቃል እንዲያጠኑ አይጠበቅም፤ ልምምዱም የሚቆጠረው በቀናት ነው። «በሩ ይከፈታል»፣ «እህትየዋ ደብዳቤውን ትደብቃለች» የመሳሰሉትን የመድረክ መግለጫዎች አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባቸዋል፤ ታዳሚውም በመድረኩ ላይ የሌለውን በር በጆሮው እያየ ይከተላል። ይህ ዘዴ በብዛት የሚያገለግለው አዲስ ተውኔት ለመፈተሽ ሲሆን፣ ጸሐፌ ተውኔቱ ከታዳሚው መካከል ተቀምጦ ሰው የት ላይ እንደሳቀና የት ላይ በወንበሩ መቁነጥነጥ እንደጀመረ አዳምጦ ጽሑፉን ያርማል። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት የተመሠረተው የዩጂን ኦኒል ቲያትር ማዕከል አዳዲስ ተውኔቶችን በዚህ መንገድ በማሳደግ በስፋት ከሚታወቁት ተቋማት አንዱ ነው፤ እዚያም ተዋናይ ገና እየታረመ ያለ ጽሑፍ በእጁ ይዞ መድረክ ላይ መውጣቱ እንደ ጉድለት አይቆጠርም።

ለመድረክ ንባብ የሚደረግ ምርጫ ለሙሉ ዝግጅት ከሚደረገው የሚለየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልምምዱ አጭር በመሆኑ አዘጋጁ የሚፈልገው የአንድን ዓረፍተ ነገር ትርጉም ቶሎ የሚያገኝ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ አንሥቶ ባልደረባውን ካየ በኋላ የነበረበትን መስመር ሳይፈልግ የሚመለስ፣ ሌላው ሲናገር የራሱን ተራ ከመጠበቅ ይልቅ የሚያዳምጥ፣ እርማት ሲነገረውም እዚያው በዚያው መለወጥ የሚችል ወጣት ነው። የድምፅ ማማርና የሰውነት እንቅስቃሴ ዋጋ ቢኖራቸውም ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ታዲያ የምርጫው ማስታወቂያ ይህን ሁሉ ዘንግቶት ነበር። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 18 የሆኑ ሁሉ መሳተፍ እንደሚችሉና ልምድ እንደማያስፈልግ በግልጽ ተጽፏል፤ የልምምዱ ቀናትና የዝግጅቱ ዕለትም አስቀድመው ተዘርዝረዋል፤ ይህ ለወላጅ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ተፈታኝ የ1 ደቂቃ መነባንብ፣ ማለትም አንድ ተዋናይ ብቻውን የሚናገረው ቃለ ተውኔት፣ በቃሉ አጥንቶ እንዲመጣ ይጠይቃል። ልጄ አንድ ሳምንት ሙሉ በመስታወት ፊት ቆማ ያጠናችው መነባንብ በፈተናው ዕለት አልተጠየቀም፤ ጊዜ እንዳጠረ ተነገረንና ታለፈ። በእኔ እምነት ከመጀመሪያውም ሊጠየቅ አይገባውም ነበር። በእጅ ተይዞ ለሚነበብ ሥራ ቃልን በቃል የማጥናት ችሎታ መመዘኛ አይሆንም፤ ከዚህም በላይ «ልምድ አያስፈልግም» የተባለውን አምኖ የመጣ ልጅ መነባንብ የሚባለውን ነገር የት አግኝቶ፣ ከማንስ ጋር እንደሚያጠና የሚነግረው የለም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን የሚነበቡት ገጾች የተሰጡበት መንገድ ነው። ተፈታኞች በመጠበቂያው ክፍል ሳሉ ከተውኔቱ የተወሰደ አንድ ትዕይንት ታደላቸውና ለመዘጋጀት 10 ደቂቃ ብቻ ተሰጣቸው። ጽሑፉ ደቃቅ በሆነ ፊደል በወረቀቱ ፊትና ጀርባ የታተመ ነበር። ያላዩትን ጽሑፍ እዚያው ማስነበብ በሌሎች ቋንቋዎችም የተለመደ የኦዲሽን ዘዴ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁን እንጂ በአማርኛ ለሚጻፍ ተውኔት ይህ ዘዴ የተለየ ችግር አለበት፤ ቲያትር ቤቶች ሁሉ እንዲያስቡበት የምለምነውም ይህንኑ ነው።

ፊደላችን አንድ ድምፅ ጠብቆ ይነበብ ወይም ላልቶ ይነበብ አያሳይም። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ መኖሩን ይነግረናል። «ዋና» ላልቶ በውኃ ውስጥ የሚደረገው ሲሆን ጠብቆ ግን የሁሉ አውራ የሆነውን ያመለክታል። በአንዳንድ መዝገበ ቃላትና የሰዋስው መጻሕፍት ጥብቀት ከፊደሉ በላይ በሚቀመጥ ነጥብ ይገለጻል፤ በተውኔት ጽሑፍ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ምልክት አይቼ አላውቅም። በዝምታ የሚያነብ ሰው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ ወደ ኋላ በመመለስ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ግን ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም። ስለዚህም አንድ አማርኛ አንባቢ ትዕይንቱን አስቀድሞ ሁለትና ሦስት ጊዜ ካላነበበው የሚሳሳተው በችሎታ ማነስ ላይሆን ይችላል።

ልጄ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። በትዕይንቱ ውስጥ አንዲት ታላቅ እህት ስለ ታናሽ ወንድሟ ለእናቷ ትናገራለች። ከገጹ ግርጌ ያለው የመጨረሻ መስመር «በየቀኑ ለምን እንደሚያመሽ ልንገርሽ። ይመታል።» የሚል ነው። «ይመታል» የሚለው ቃል መ እና ታ ላልተው ከተነበቡ ልጁ ሌሎችን ይደበድባል፤ ጠብቀው ከተነበቡ ደግሞ የሚደበደበው ራሱ ነው። በአንዱ ንባብ እህትየዋ ከሳሽ ናት፤ በሌላው ደግሞ ጠባቂ። ትርጉሙን የሚፈታው የእናትየዋ መልስ «ማን ነው እጁን ያነሣበት?» የሚለው ሲሆን፣ እርሱ የታተመው በወረቀቱ ጀርባ ላይ ነበር። ልጄ አላልታ አነበበችው፤ ድምፅዋም እንደ ከሳሽ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት መስመሮች ሁሉ ለእርሷም ለሰሚውም ግራ የሚያጋቡ ሆኑ።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ቲያትር ቤቱ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ተፈታኞች ወላጆች ከፈለጉ በክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ በዝምታ እንዲቀመጡ ስለሚፈቅድ ነው። በክፍሉ ውስጥም አዘጋጇ፣ ረዳታቸውና ጊዜ የሚይዝ አንድ ሰው ነበሩ፤ አንድ ልጅ ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻውን እንዳይሆን የተደረገ ጥንቃቄ መሆኑን በመግቢያው ላይ ነግረውናል። ለወጣቶች ኦዲሽን የሚያዘጋጅ ማንኛውም ቤት ይህን ሊያደርግ ይገባዋል።

አዘጋጇ ልጄን አላቋረጧትም። እስከ መጨረሻው አዳመጧት፤ ሲያዳምጡም የሚያዩት ወረቀታቸውን ሳይሆን እርሷን ነበር። ስትጨርስ ስሕተቷን አልነገሯትም፤ «ወንድምሽ ደብዳቢ ነው ወይስ ተደብዳቢ?» ብለው ጠየቋት። ልጄ ወረቀቱን ገልብጣ የእናትየዋን መስመር በዝምታ አነበበች፤ ፊቷ ሲለወጥ ከኋላ ሆኜ እንኳ በአንገቷ አኳኋን ታወቀኝ። «ተደብዳቢ ነው» አለች። አዘጋጇም እርሳስ አቀበሏትና «እንግዲያው በሁለቱ ፊደላት ላይ ነጥብ አድርጊ፤ ከዚያም ቃሉን ወረቀቱን ሳይሆን እናትሽን እያየሽ ተናገሪው» አሏት።

ሁለተኛው ንባብ ከመጀመሪያው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። «ልንገርሽ» ካለች በኋላ ትንሽ ቆየች፤ አውራ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ቀና አለች፤ «ይመታል» የሚለውንም ጎረቤት እንዳይሰማ በሚፈራ ሰው ድምፅ ተናገረችው። የእናትየዋን ክፍል ሲያነቡላት የነበሩት ረዳት እስከዚያ ድረስ ከወረቀታቸው ቀና ብለው አያውቁም ነበር፤ በዚያች ቃል ላይ ግን ቀና ብለው አዩዋት፤ መልሳቸውም ከበፊቱ ቀስ ብሎ ወጣ። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ አንድ ቃል በትክክል ስትነበብ የሌላውን ሰው ድምፅ እንኳ እንደምትለውጥ በገዛ ጆሮዋ መስማቷ፣ ብትመረጥም ባትመረጥም ይዛው የምትሄደው ትምህርት ነበር።

ከዚያ ቀን ተፈታኞች ጋር ባደረግሁት ጭውውት እንደተረዳሁት አዘጋጇ ለሁሉም ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ አንድ ጊዜ ያስነብባሉ፣ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ እንደገና ያስነብባሉ። ለአንድ ተፈታኝ ከ6 ወይም ከ7 ደቂቃ አይበልጥም። አንድ ጊዜ ብቻ አስነብቦ «እናመሰግናለን፣ ቀጣይ» የሚል ኦዲሽን የሚመዝነው ልጁ ቤቱ ሳለ ማን እንደረዳው ነው። ሁለተኛው ንባብ ግን ልጁ እርማትን እንዴት እንደሚቀበል ያሳያል፤ ጥቂት ቀናት ብቻ ልምምድ ላለው ሥራ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚፈለግ ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ተፈታኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በአዳራሹ መድረክ ላይ አነበቡ። በዚህ ጊዜ ሁሉም ጽሑፋቸውን በማቆሚያው ላይ አድርገው ስለነበር ወረቀት በእጅ ሲንቀጠቀጥ የሚያሰማው ድምፅ ጠፋ፤ ብዙዎቹም እጃቸው ነፃ ሲሆን ትከሻቸው ሲወርድ ይታይ ነበር። አንድ ልጅ በመካከል መስመሩ ጠፋበት። በመድረክ ንባብ ከሁሉ ይልቅ የሚያጋጥመው ስሕተት ይህ ነው፤ ዓይን ቀና ብሎ ሲመለስ ከሁለት ተመሳሳይ ስሞች በአንደኛው ላይ ያርፍና የሌላ ሰው ቃል ይነበባል። አብራው የምታነበው ልጅ ሳትስቅና ሳትናገር በጣቷ የእርሱን ገጽ አመለከተችው፤ እርሱም ቀጠለ። አዘጋጇ በዚያች ቅጽበት ማስታወሻ ሲጽፉ አየሁ፤ በኋላም ያችን ልጅ «ባልደረባን መጠበቅ ማለት ይህ ነው» ብለው በሁሉም ፊት አመሰገኗት። ልጁንም አልወቀሱትም፤ የራሱን መስመሮች በቀለም እንዲያሰምርና ገጽ የሚገልጠውም ሌላው ሲናገር እንዲሆን መከሩት። ወጣት ተፈታኞች ይህን ምክር ከዚህ ይውሰዱ፤ ባለ ቀለም ማስመሪያና እርሳስ ይዞ መሄድ ማንም የማይከለክለው ዝግጅት ነው።

ሌላው ያስደሰተኝ ነገር የመድረክ መግለጫ አንባቢውን የመረጡበት መንገድ ነው። ይህን ሥራ ብዙ ቦታ የሚሰጡት ገጸ ባሕርይ ላልደረሰው ሰው ነው፤ እንደ ማጽናኛ ይቆጠራል። እዚህ ግን ለብቻው ፈተና ተደረገለት። ሦስት ልጆች አንድ ገጽ መግለጫ እንዲያነቡ ተደረገ፤ አንደኛው እንደ ዜና አንባቢ በአንድ ድምፅ ሄደ፣ ሌላኛዋ እያንዳንዱን ድርጊት ራሷ የምትተውን ያህል አጋነነችው። ሦስተኛዋ ልጄ ነበረች። «እናት ቀስ ብላ ትቀመጣለች» የሚለውን ካነበበች በኋላ ለመቀመጥ የሚበቃ ያህል ዝም አለች፤ ከዚያ ቀጠለች። ታዳሚው የሚያየውን ነገር ሁሉ የሚሠራለት አንባቢው በመሆኑ፣ መቼ ዝም እንደሚል የሚያውቅ ሰው ለዚህ ቦታ መፈለጋቸው ቲያትር ቤቱ ሥራውን እንደሚያውቅ ያሳያል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ያደረገ ቤት ውጤቱን ያሳወቀበት መንገድ ልቤን ሰብሮታል። ውጤቱ በ5 ቀናት ውስጥ በኢሜይል እንደሚደርስ ለሁሉም ተነግሮ ነበር። በአምስተኛው ቀን አልመጣም፤ በስድስተኛውም በሰባተኛውም እንዲሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስልኬን ትጠይቀኝ ነበር፤ በዘጠነኛው ቀን መጠየቅ አቆመች፤ ያ ደግሞ ከመጠየቋ ይልቅ ከበደኝ። መልእክቱ የደረሰን በ12ኛው ቀን ሲሆን የመድረክ መግለጫ አንባቢ ሆና መመረጧን ይነግራል። ደስታዋን ልትነግራት አብራት ወደተፈተነች ጓደኛዋ ደወለች። ጓደኛዋ ምንም መልእክት አልደረሳትም ነበር፤ አለመመረጧን ያወቀችው ከልጄ ደስታ ነው። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ የሚሉት አጡ።

በኋላ እንደተረዳሁት መልእክት የተላከው ለተመረጡት ብቻ ነው። በስልክ ስጠይቅ በጣም ትሑት የሆነ ሰው አነጋገረኝ፤ ሠራተኞቹ በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች መሆናቸውንና ጊዜ እንደሚያጥራቸው አስረዳኝ። ይህን አምናለሁ፤ አከብረዋለሁም። ሆኖም ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነ የሁለት መስመር መልእክት ለመጻፍ የሚወስደው ጊዜ ለአንድ ተፈታኝ ከተሰጠው 7 ደቂቃ አይበልጥም። ራሱን አቅርቦ ሁለት ጊዜ ያነበበ ወጣት «በዚህ ጊዜ አልሆነም» የሚል ቃል በቀጥታ ከቲያትር ቤቱ የመስማት መብት አለው። ውጤቱ የሚዘገይ ከሆነም የመዘግየቱን ዜና በአምስተኛው ቀን መላክ ይቻል ነበር።

ነጥብ መስጠት ካለብኝ ከ5 ኮከብ 3 እሰጣለሁ። አዘጋጇንና የመፈተኛውን ክፍል ብቻ ብመዝን ኖሮ 5 ከመስጠት አላመነታም ነበር፤ ሁለቱን ኮከቦች ያስቀረሁት ስለ ገጾቹና ስለ ዝምታው ነው። ለቲያትር ቤቱም በጽሑፍ ያቀረብኳቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ ትዕይንቱ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ለተመዘገቡት ሁሉ ይላክ፤ ጎላ ባለ ፊደል በወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ይታተም፤ ሁለት ትርጉም ያላቸው ቃላት ጸሐፊው ባሰበው መንገድ ከላያቸው ነጥብ ይደረግባቸው፤ በቃል የሚጠና መነባንብ ይቅር፤ ላልተመረጡትም መልስ ይሰጥ። ልጅዎን ወደ እንዲህ ያለ ምርጫ ለመውሰድ የሚያስቡ ወላጅ ከሆኑ፣ ሲመዘገቡ ገጾቹ አስቀድመው ይላኩ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የማይላኩ ከሆነም ልጁ የተሰጠውን ደቂቃ መስመሮቹን ለመሸምደድ ሳያባክን ከእርሱ መስመር በፊትና በኋላ ያለውን እንዲያነብበት ይንገሩት።

ልምምዱ ተጀምሯል። አዘጋጇ በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ንባበኞች እርሳስ አድለው ጽሑፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያስነበቡ በሚያሳስቱት ቃላት ላይ ነጥብ እንዲያደርጉ አድርገዋቸዋል፤ የልጄ ቅጂ አሁን በግራጫ ነጥቦች ተሞልቷል። ጓደኛዋ ለሚቀጥለው ዙር እንደገና መመዝገብ ትፈልጋለች፤ እኔም በእርሷ ስም ገጾቹ አስቀድመው ይላኩላት እንደሆነ ጠይቄ መልሱን እየጠበቅሁ ነው።